የዲፌንስ ኮንትራክተር ኢንተርቪው አለኝ፣ ሊደርሺፕ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ጡረተኛ መኮንን ነው፣ ምን ልረዳ?

ማናሳስ_ኢንጂነር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዲፌንስ ኮንትራክተር ቤት የሰራችሁ ወይ አሁን እየሰራችሁ ያላችሁ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። እኔ ሲስተምስ ኢንጂነር ነኝ፣ እስካሁን ቴሌኮም ውስጥ ነው የሰራሁት፣ ሲቲዝንሺፑን ካገኘሁ በኋላ ሪክሩተሮች ሊንክድኢን ላይ መጻፍ ጀመሩና አንደኛዋ ለባህር ኃይል የኢንጂነሪንግ ስራ ከሚሰራ ኩባንያ ጋር አገናኘችኝ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ጥቂት መቶ ሰራተኛ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ዙር አልፌያለሁ ሁለተኛው ከላይኞቹ ጋር ነው።

ታዲያ ማታ ቁጭ ብዬ ዌብሳይታቸው ላይ የሊደርሺፕ ገጹን ሳይ ግራ ገባኝ። ሲኢኦው ከባህር ኃይል በካፒቴንነት ጡረታ የወጣ ነው፣ ኦፕሬሽኑን የሚመራው የምድር ጦር ኮሎኔል የነበረ፣ ቺፍ ግሮውዝ ኦፊሰር የሚባለው ደግሞ ሪር አድሚራል ነበር፣ ፋይናንሱን የያዘችው ሴትዮ ከትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች ካንዱ የመጣች ናት። ሁሉም ከኋላቸው ባንዲራ አድርገው ነው ፎቶ የተነሱት፣ የሁሉም ታሪክ "ከ30 ዓመት በላይ ልምድ" ምናምን ብሎ ነው የሚጀምረው። ኢንጂነሪንግ ኩባንያ ነን ይላሉ ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች ብወርደው ኢንጂነር ሆኖ ያደገ የሚመስል አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት፣ እሱም መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ቴክኒካል ዳይሬክተር ይላል፣ ፎቶ እንኳን የለውም።

ጥያቄዬ ይሄ የተለመደ ነው ወይስ መሸሽ ያለብኝ ነገር ነው? የአጎቴ ልጅ "የወታደር ቤት ነው፣ ሲቪል እዛ አያድግም" ብሎ አስፈራራኝ፣ እሱ ግን ዲፌንስ ሰርቶ አያውቅም ያው ሁሉን አዋቂ ነው። ገጹን እንዴት ነው ማንበብ ያለብኝ፣ ኢንተርቪው ላይስ ምን ብጠይቅ ነው የሚጠቅመኝ?

ጋሽ_ክሪስታል፦

የተለመደ ነው ልጄ፣ ደንግጠህ እንዳትሸሽ። እኔ ክሪስታል ሲቲ የናቭሲ ሰፈር በነበረ ጊዜ ነው ስራውን የጀመርኩት፣ ናቭሲ ማለት የባህር ኃይሉን መርከቦች የሚያሰራና የሚያስጠግን መስሪያ ቤት ነው፣ 2001 ላይ ወደ ዋሽንግተን ኔቪ ያርድ ሲዛወር ኮንትራክተሩ ሁሉ እቃውን ጠቅልሎ ተከትሎት ኤም ስትሪት ላይ ቢሮ ተከራየ። ደንበኛው የሄደበት መሄድ ነው ነገሩ ሁሉ። አንተ የምትገባበት ዓይነት ኩባንያ ፋብሪካ የለውም፣ የሚሸጠው የኢንጂነር ሰዓት ነው፣ ገዢው ደግሞ አንድ መንግስት ነው፣ ስለዚህ ከላይ የሚቀመጠው ሰው መጀመሪያ የሚፈለግበት ነገር ገዢውን ማወቁ ነው። የትኛው ፕሮግራም በጀት አለው፣ የትኛው ኮንትራክት መቼ ያልቃል፣ ቢሮው ውስጥ ራስ ምታት የሆነው ጉዳይ የቱ ነው፣ ይሄን ዩኒፎርም ለብሶ ሀያ ምናምን ዓመት የኖረበት ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲላክ የሚከበር ሰው ተመርጦ አይደል የሚላከው፣ እንደዛ በለው።

ይሄ ደግሞ የትንንሾቹ ጠባይ ብቻ አይደለም። የኮንግረሱ ኦዲት መስሪያ ቤት ጂኤኦ 2021 ላይ ባወጣው ሪፖርት 14ቱ ትልልቅ ኮንትራክተሮች ብቻ 2019 ላይ 1,718 የድሮ የፔንታጎን ከፍተኛ ሹማምንትና የግዢ ሰዎችን ቀጥረው ነበር።

አሁን ወደ ገጹ እንምጣ። "ካፒቴን ነበር" ስትል የባህር ኃይል ካፒቴን በምድር ጦር ኮሎኔል ማለት ነው፣ ትንሽ ማዕረግ እንዳይመስልህ። ግን ከማዕረጉ ይልቅ ምን ሲሰራ ነበር የሚለውን እይ። መርከብ አዛዥ ነበር? ወይስ ኢንጂነሪንግ ዲዩቲ ኦፊሰር የሚባሉት ውስጥ ነው? እነዚህኛዎቹ የመርከብ ግንባታና ጥገና ኢንጂነሪንግ ስራቸው የሆነ መኮንኖች ናቸው፣ ባህር ኃይሉ ኤምአይቲ ልኮ የሚያስተምራቸው አሉ፣ ያ ፕሮግራም ከ1901 ጀምሮ ያለ ነው። የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቡ አባት የሚባሉት አድሚራል ሪክኦቨር ራሳቸው ከዛ ወገን ናቸው፣ ኮሎምቢያ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማሩ። ስለዚህ ዩኒፎርም ለብሶ ነበር ማለት ኢንጂነር አይደለም ማለት አይደለም፣ ሊንክድኢኑን ከፍተህ የዲግሪውን ዓይነትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ምደባዎቹን እይ፣ ሜጀር ፕሮግራም ማናጀር የሚል ካየህ ሰውየው በጀት ይዞ፣ ስኬጁል ይዞ፣ ከመርከብ ሰሪ ጋር ተጨቃጭቆ ነው የመጣው፣ ከሱ ብዙ ትማራለህ።

ሌላው መቼ ጡረታ ወጣ የሚለው ነው። ህጉ ገደብ አለው፣ በገዛ እጁ የሰራበትን ኮንትራክት ጉዳይ ይዞ ኩባንያ ወክሎ መንግስት ፊት መቅረብ እድሜ ልኩን አይችልም፣ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ኮንትራክት ላይ ፕሮግራም ማናጀር ወይ ኮንትራክቲንግ ኦፊሰር የነበረ ሰው ለ1 ዓመት ከዛ ኮንትራክተር ክፍያ መውሰድ አይችልም፣ ባለ 3 እና ባለ 4 ኮከቦቹ ለ2 ዓመት፣ ባለ 1 እና ባለ 2 ኮከቦቹ ለ1 ዓመት ፔንታጎንን ሎቢ ማድረግ ክልክል ነው፣ ይሄኛው በ2018ቱ የመከላከያ ህግ ላይ የገባ ነው። እንግዲህ የአንተ ሪር አድሚራል ባለ 1 ወይ ባለ 2 ኮከብ ነው፣ ከወጣ ሰባት ስምንት ዓመት ከሆነው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ስልክ የሚደውልላቸው ሰዎችም ጡረታ ወጥተው ይሆናል 😄

ቀልደኛው_44፦

አቦ እኔ በሄድኩበት ኢንተርቪው ሶስቱም ጸጉራቸውን አንድ ቦታ የተቆረጡ ነው የሚመስሉት፣ ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆሜ መልስ ስሰጥ ነበር

እውነት_መራራ፦

ጋሼ አክብሬ ነው ግን ነገሩን አሳመሩት። በኛ ሀገር ቢሆን ዝምድናና ትውውቅ ብለን የምንሰድበውን እዚህ ሲሆን "ደንበኛውን ያውቃል" እንላለን። ዳርሊን ድሩየንን ረሳናት እንዴ? የአየር ኃይሉ ግዢ ላይ ትልቋ ሴትዮ ነበረች፣ ከቦይንግ ጋር 100 የነዳጅ መሙያ አውሮፕላን የመከራየት ድርድር በያዘችበት ጊዜ በጎን የራሷን ስራ ከቦይንግ ጋር ትነጋገር ነበር፣ ልጇና የልጇ እጮኛም ቀድመው እዛው ተቀጥረዋል። ጡረታ ወጥታ 2003 መጀመሪያ ላይ ቦይንግ ገባች፣ በዓመቱ መጨረሻ ተባረረች፣ 2004 ላይ 9 ወር እስር ተፈረደባት፣ የቦይንግ ሲኤፍኦ የነበረው ሰውዬም 4 ወር፣ ሲኢኦው ፊል ኮንዲት ለቀቀ፣ ኩባንያው 2006 ላይ 615 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ህጉ ያኔም ነበር እኮ።

እኔ የምለው ኢንጂነሪንግ ኩባንያ በኢንጂነር ነው መመራት ያለበት በቃ። ቦይንግን እዩት፣ 1997 ላይ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የሂሳብና የስቶክ ሰዎች ናቸው የወረሱት፣ ሲኢኦ የነበረው ማክነርኒ ከጂኢና ከ3ኤም የመጣ የሃርቫርድ ኤምቢኤ ነው፣ 737 ማክስ የሚባለውን አውሮፕላን 2011 ላይ ያስጀመረው እሱ ነው። ከዛ የሆነውን ለኛ ማንም መንገር የለበትም፣ መጋቢት 1 ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው አለቀ። ስለዚህ ወንድሜ ገጹ ላይ ኢንጂነር ከሌለ ጥለህ ሂድ ነው የኔ ምክር።

ሲያትል_ነኝ፦

እውነት መራራ በስሜት ነው የጻፍከው ይገባኛል፣ እኔም ያን ቀን አልረሳውም። ግን ታሪኩን በግማሽ ነው ያመጣኸው። ሁለቱም ማክስ ሲወድቁ፣ የላየን ኤር ጥቅምት 2018 በፈረንጁ፣ የኛው መጋቢት 2019፣ ሲኢኦው ማን ነበር? ዴኒስ ሙለንበርግ። እሱ ደግሞ ከአይዋ ስቴት ኤሮስፔስ ኢንጂነር ነው፣ 1985 ላይ ኢንተርን ሆኖ ቦይንግ ገብቶ፣ በዲፌንሱ በኩል አድጎ፣ የዲፌንሱን ክንፍ መርቶ ነው ላይ የወጣው። አንተ የምትፈልገው ዓይነት ሰው ማለት ነው፣ ከኢንጂነርነት ከታች የተነሳ። አላዳነንም። እሱ ሲባረር የመጣው ካልሁን ነው አካውንቲንግ የተማረው።

እኔ ከዛ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ትኩረቴን የሳበው ሰው ብዙ የማያወራው ነገር ነው። መስከረም 2019 መጨረሻ ላይ ቦይንግ የቀየረው አንድ ነገር የኢንጂነሮቹን ሪፖርት መስመር ነው። ከዛ በፊት ኢንጂነሩ ሪፖርት የሚያደርገው ለአውሮፕላን ፕሮግራሙ አለቃ ነበር፣ ማለትም ስኬጁልና ወጪ ለሚጠየቅበት ሰው፣ ከዛ በኋላ ግን ኢንጂነሪንጉ በሙሉ ለኩባንያው ቺፍ ኢንጂነር፣ እሱ ደግሞ በቀጥታ ለሲኢኦው እንዲሆን ተደረገ። እዚህ ሲያትል ውስጥ ስንት ዓመት ሲጮኹበት የነበረ ነገር ነው። እና ማናሳስ፣ ኢንተርቪው ላይ ይቺን ብትጠይቅ ከማንም ባዮግራፊ የበለጠ ትነግርሃለች፣ ቺፍ ኢንጂነራችሁ ወይ ቴክኒካል ዳይሬክተራችሁ ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው? ከፕሮግራም ማናጀሩ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ማነው የሚወስነው? ያ ፎቶ የሌለው ሰውዬ ነው ያንተ ጉዳይ።

"ሲቪል አያድግም" የተባለውን በተመለከተ ትልልቆቹ ጋ ይሄ እውነት አይደለም። ሎክሂድን የመራችው ማሪሊን ሂውሰን 1983 ላይ ጆርጂያ ማሪዬታ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር ሆና ነው የገባችው፣ 2013 ሲኢኦ ሆነች፣ ወታደር ሆና አታውቅም። ከሷ በኋላ የመጣው ጂም ታይክሌት አየር ኃይል ፓይለት ነበር እሺ፣ ግን ሎክሂድን ከመምራቱ በፊት አሜሪካን ታወርን ነበር የሚመራው፣ የሞባይል አንቴና ማማ የሚያከራየውን፣ አንተ ቴሌኮም ነኝ ብለህ አትፈር 😂 ጄኔራል ዳይናሚክስን ከ2013 ጀምሮ የያዘችው ፊቢ ኖቫኮቪች ሲአይኤ፣ ከዛ የዋይት ሀውስ በጀት ቢሮ፣ ከዛ ፔንታጎን ሰርታ ነው የገባችው፣ እሷ ሲቪል ናት ግን የመንግስትን ገንዘብ አካሄድ እንደሷ የሚያውቅ ትንሽ ነው። ለመንግስት የማማከር ስራ የሚሰራውን ቡዝ አለንን የሚመራው ሮዛንስኪ ደግሞ አርጀንቲና ያደገ ኢሚግራንት ነው፣ 1991 ላይ ኢንተርን ሆኖ ነው የገባው፣ አክሰንት ያለው ሰው አይቀበሉም ለምትሉ።

ጄኔራሎቹ በብዛት ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፣ ማኔጅመንቱና ቦርዱን አትደባልቁ። ደንፎርድ የጦር ኃይሎች ኤታማዦሮች ሰብሳቢ ሆኖ ጡረታ በወጣ በወራት ውስጥ 2020 ላይ ሎክሂድ ቦርድ ገባ፣ ማቲስ ጄኔራል ዳይናሚክስ ቦርድ ነበር፣ ኦስቲን ሬይቴዎን ቦርድ ነበር፣ ሁለቱም ከዛ ተነስተው መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፣ ጡረታ ከወጡ 7 ዓመት ስላልሞላቸው ኮንግረስ ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ነው ያለፉት። ቦርድ ላይ ያለ ሰው በዓመት የተወሰነ ስብሰባ ነው የሚቀመጠው፣ ያንተን ዲዛይን ሪቪው አያየውም።

ማናሳስ_ኢንጂነር፦

ኧረ እናመሰግናለን፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። ጋሼ እርስዎ እንዳሉት ሲኢኦውን ሊንክድኢን ላይ አየሁት፣ በእውነት ኢንጂነሪንግ ዲዩቲ ኦፊሰር ነበር፣ ማስተርሱም ኔቫል አርክቴክቸር ነው። ኮሎኔሉ ግን ሎጂስቲክስ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ የኩባንያው መስራች ሲኢኦው አይደለም፣ ገጹ ላይ "መስራችና አማካሪ" ተብሎ ጥግ ላይ አለ፣ ድሮ ኤይት ኤ ሰርቲፋይድ ነበርን የሚል የቆየ ዜናም አላቸው፣ አምና ደግሞ አንድ ፕራይቬት ኢኩዊቲ እንደገዛቸው ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው? ክሊራንስም (ሚስጥራዊ ስራ ላይ ለመግባት መንግስት አጣርቶ የሚሰጠው ፈቃድ) የለኝም፣ ስፖንሰር እናደርግሃለን ብለዋል፣ ቤተሰቦቼ ደግሞ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው።

ኮንትራክትስ_እመቤት፦

ይሄኛው የኔ ስራ ነው፣ በየቀኑ የምበላው እንጀራ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ። ኤይት ኤ የሚባለው የትንንሽ ቢዝነስ አስተዳደሩ በማህበራዊና በኢኮኖሚ ወደ ኋላ የቀሩ ለሚባሉ ባለቤቶች ያቋቋመው ፕሮግራም ነው፣ ባለቤቱ ቢያንስ 51 ፐርሰንት መያዝ አለበት፣ የእለት ተእለቱን ስራም ራሱ መምራት አለበት፣ እድሜው 9 ዓመት ነው፣ ከ9 ዓመት በኋላ ወደድክም ጠላህም ትወጣለህ። የአካል ጉዳት ያለባቸው ቬተራኖች ሰርቲፊኬትም እንዲሁ 51 ፐርሰንት ነው ግን የ9 ዓመት ገደብ የለውም። ለዚህ ነው በትንንሾቹ ኩባንያዎች ገጽ ላይ ሲኢኦው ማን እንደሆነ እንዲሁ የመልክ ጉዳይ ያልሆነው፣ ሰርቲፊኬቱ የተንጠለጠለው እሱ ሰውዬ ላይ ነው፣ ሲሸጠው ወይም ሲሞት ሰርቲፊኬቱም አብሮት ይሄዳል።

ያንተ ኩባንያ ታሪክ ከገጹ ብቻ ይነበባል። መስራቹ በኤይት ኤ ኮንትራክቶቹን ሰበሰበ፣ ጊዜው አለቀ፣ አደገና የስሞል ቢዝነስ መጠኑንም አለፈ ወይ ሊያልፍ ነው፣ ከአሁን በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ፊት ለፊት መወዳደር አለበት፣ ይሄኔ ነው የሚሸጡት። መሀል ላይ መቅረት ነው የዚህ ኢንዱስትሪ ትልቁ ጭንቀት፣ ለትንሽ ትልቅ ነህ ለትልቅ ትንሽ ነህ። ፕራይቬት ኢኩዊቲው፣ ማለትም ኩባንያ ገዝቶ አሳድጎ የሚሸጠው የኢንቨስትመንት ድርጅት፣ ሲገባ ታዲያ አዲስ ሲኢኦ ያመጣል፣ ቺፍ ግሮውዝ ኦፊሰር የሚባል ቦታ ይፈጥራል፣ ጠንካራ ሲኤፍኦ ያስቀምጣል፣ አንተ የዘረዘርከው በትክክል እሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሀሳባቸው ሌላ ሁለት ሶስት ኩባንያ ገዝተው አንድ ላይ አድርገው ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሰው መሸጥ ነው። መጥፎ ነው አልልም፣ ካርላይል 2008 ላይ የቡዝ አለንን የመንግስት ስራ ገዝቶ 2010 ስቶክ ማርኬት አውጥቶታል፣ ኩባንያው ዛሬም አለ። ግን አንተ ስትገባ ሶስት ዓመት ውስጥ የባጅህ ስም ሊቀየር እንደሚችል አውቀህ ግባ። ቤኒፊትህም አብሮ ሊቀየር ይችላል።

ከገጹ ይልቅ ግን ዩኤስኤስፔንዲንግ ላይ ግባ፣ የመንግስት ዌብሳይት ነው ነጻ ነው፣ የኩባንያውን ስም ጻፍ፣ የትኛው ቢሮ ስንት እየከፈላቸው እንደሆነና ኮንትራክቱ መቼ እንደሚያልቅ ይወጣልሃል። የባህር ኃይል ኢንጂነሪንግ ሰርቪስ በብዛት የሚያልፈው ሲፖርት በሚባለው ትልቅ ኮንትራክት ስር ነው፣ ከዛ ስር እያንዳንዱ ስራ፣ ታስክ ኦርደር የሚባለው፣ ለብቻው ይወዳደሩበታል። ሰማኒያ ፐርሰንት ገቢያቸው ከአንድ ታስክ ኦርደር ከሆነና እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚያልቅ ከሆነ የአድሚራሉ ፎቶ ምንም አይጠቅምህም። የተለያየ ከሆነ ተንፍስ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ፕሮፖዛል ላይ ኪይ ፐርሶኔል ተብለው ሬዙሜያቸው የሚገባ ሰዎች አሉ፣ ደንበኛው የሚያየው የነሱን ስም ነው እንጂ የሊደርሺፕ ገጹን አይደለም። አሁን ክፍት የሆነው ቦታ ኪይ ነው ወይ ብለህ ጠይቅ።

ባጅ_ያዢ፦

ስለ ክሊራንሱ እኔ ልበል። አንደኛ ራስህ ማመልከት አይቻልም፣ ኩባንያው ነው ስፖንሰር የሚያደርገው፣ ኩባንያው ራሱም ፋሲሊቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የድርጅት ፈቃድ፣ ሊኖረው ይገባል። እዚህ ጋ የሊደርሺፕ ጉዳይ እንደገና ይመጣል፣ ዋናው አለቃ፣ ሴኩሪቲ ኦፊሰሩና የኢንሳይደር ትሬት (ከውስጥ ሰው የሚመጣ አደጋ) ኃላፊው የአሜሪካ ዜጋ ሆነው ኩባንያው እስከያዘው ደረጃ ድረስ ራሳቸው ክሊራንስ ሊኖራቸው ግዴታ ነው፣ አለቃው ተቀይሮ አዲሱ ካልጸዳ የኩባንያው ፈቃድ አደጋ ላይ ነው። ለዚህም ነው ክሊራንሱን ይዞ የወጣ መኮንን የሚወደደው፣ ይሄን ማንም አላነሳውም። የውጭ ባለቤት ካለበት ደግሞ ሌላ ነው፣ የእንግሊዙ ቢኤኢ የአሜሪካ ቅርንጫፉ ከመንግስት ጋር በልዩ የሴኩሪቲ ስምምነት ነው የሚሰራው፣ ቦርዱ ላይ ከባለቤቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው አሜሪካውያን መቀመጥ አለባቸው፣ እነዛን ቦታዎች የድሮ ሹማምንት ሲይዟቸው ብታይ እንዳይገርምህ። ያንተ ፕራይቬት ኢኩዊቲ ገንዘቡ ከየት ነው የሚለውንም መንግስት ያጣራል፣ አንተ አትጨነቅበት።

ቤተሰብ አዲስ አበባ መኖሩ ብቻውን አይጥልህም፣ የኛ ሰው ስንቱ ክሊራንስ ይዞ እየሰራ ነው። የሚጥለው መደበቅ ነው። ኤስኤፍ-86 የሚባለው የክሊራንስ ቅጽ ላይ እናትህን አባትህን ወንድም እህቶችህን ሁሉ ታስገባለህ፣ መንግስት መስሪያ ቤት ወይ መከላከያ የሚሰራ ዘመድ ካለ ትጽፋለህ፣ ገንዘብ የምትልክ ከሆነ፣ ቤት ወይ ቦታ በስምህ ካለ ትጽፋለህ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ያ ጥያቄ ቀለል ይላል ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ካለህ ዝም ብለህ እንዳታልፈው፣ ለሴኩሪቲ ኦፊሰሩ ንገረውና እንዴት እንደሚሞላ ጠይቀው። ቀኖችህን አስተካክል፣ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ካሌንደር አደባልቀው የልደት ቀን አምታተው ኢንተርቪው ላይ የተንገላቱ ሰዎች አውቃለሁ።

እውነት_መራራ፦

ሲያትል ነኝ፣ የሙለንበርግን እቀበላለሁ፣ የሪፖርት መስመሩን ነገር አላውቅም ነበር። ግን አሁንም ገጽ ላይ የሌለ ቺፍ ኢንጂነር ስብሰባ ላይም የለም ባይ ነኝ።

ጋሽ_ክሪስታል፦

ይሄ አባባልህ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጨምር፣ በናቭሲ ስራ ላይ የመጨረሻው ቴክኒካል ፊርማ የኮንትራክተሩ አይደለም፣ በየዘርፉ ቴክኒካል ዋራንት የተሰጣቸው የመንግስት ኢንጂነሮች አሉ፣ ኮንትራክተሩ ይመረምራል፣ ያሰላል፣ ይመክራል፣ የሚፈርመው ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ያ ቴክኒካል ዳይሬክተር ከዋራንት ያዦቹ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት አለው የሚለውን አጣራ። እሱን አክብረው የሚሰሙት ከሆነ አድሚራሉ ቢኖርም ባይኖርም ስራው ይቀጥላል፣ ኮንትራክቱን ሌላ ኩባንያ ቢወስደውም አዲሱ ኩባንያ ደውሎ ይወስዳችኋል፣ ባጅ ቀይሮ እዛው ወንበር ላይ መቀመጥ በኛ ስራ የታወቀ ነው።

ማናሳስ_ኢንጂነር፦

ሰዎች ተመለስኩ፣ ኢንተርቪው አለፈ። ሲኢኦው፣ ኮሎኔሉና ያ ፎቶ የሌለው ቴክኒካል ዳይሬክተር ነበሩ። አድሚራሉ አልመጣም መንገድ ላይ ነው አሉ።

የሲያትልን ጥያቄ ጠየኳቸው፣ ቴክኒካል ዳይሬክተሩ ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው አልኩ። ሲኢኦው ፈጠን ብሎ "ለኔ" አለ። ሰውየው ግን ቀና ብሎ አየውና "በወረቀት ላይ አዎ" አለ፣ ከዛ ሁሉም ሳቁ፣ ኮሎኔሉ ብቻ አልሳቀም 😅 ሲኢኦው ቀጥሎ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየቀየሩት እንደሆነ፣ ፕሮግራም ማናጀሮቹ የቴስት ሪፖርት ያለሱ ፊርማ እንዳይልኩ እንዳደረገ አስረዳኝ፣ ሰውየውም ይሄኛው እውነት ነው ብሎ መሰከረ። ከኢንተርቪው በኋላ ለብቻዬ ወስዶ ላቦራቶሪውን ያሳየኝ እሱ ነው፣ አንድ የፓምፕ ቫይብሬሽን ዳታ ስክሪን ላይ ዘርግቶ ምን ታያለህ አለኝ፣ ከኢንተርቪው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ዩኤስኤስፔንዲንግንም አየሁት፣ አራት የተለያየ ታስክ ኦርደር አላቸው፣ ትልቁ ግን በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል። ዛሬ ጠዋት ኦፈር ላኩልኝ። ደሞዙ አሁን ከማገኘው ይሻላል። ደብዳቤው ላይ ግን "ኮንቲንጀንት" የምትል ቃል አለች፣ ኮንትራክቱ ሲሰጠን ነው የምትጀምረው ይላል፣ እነሱ ደግሞ እርግጠኞች ነን ይላሉ። ያለሁበት ቦታ ኖቲስ ልስጥ ወይስ?

ኮንትራክትስ_እመቤት፦

እንዳትሰጥ! ፈርመህ መልስላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አያስይዝህም፣ ሬዙሜህን ፕሮፖዛሉ ላይ ሊያስገቡት ነው የፈለጉት። ኮንትራክቱ ተሰጥቶ፣ የተሸነፉት ፕሮቴስት (የውሳኔ አቤቱታ) ካደረጉም እሱ አልቆ፣ የመጀመሪያ ቀንህ በጽሁፍ እስኪመጣልህ ድረስ ቴሌኮምህ ላይ ቁጭ በል። ጂኤኦ ጋ ፕሮቴስት ሲደረግ እስከ 100 ቀን ሊወስድ ይችላል፣ እርግጠኞች ነን ያሉት ለዛ ደሞዝ አይከፍሉህም።